ካርቱም ልንሄድ ወጥተን ኢታንግ ቀረን

ሰው ጥፋቱን ሲናገር ከትንሹ ይጀምራል። እኔም ከጫማዬ ልጀምር። ያን ዕለት ጠዋት ከአባቴ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያወረድኩትን አዲስ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበር ያደረግሁት። ጓደኛዬ ኦሞድ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶውን እንዳደረገ መጣና ወደ እግሬ አይቶ ሳቀ።

«ሰዒድ፣ በዚህ ጫማ ካርቱም ትደርሳለህ?»

«ካርቱም በበረባሶ የሚገባ ሰው ከበር ይመለሳል» አልኩት።

ጊዜው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ በርዶ ሰላም ወረደ የተባለበት ሰሞን። እኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። አባቴ ከደጋ ወርዶ ጋምቤላ ከተማ መሃል ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ሳሙናና ጨሌ ይሸጣል። ጨሌ የምለው ሴቶች በአንገታቸው የሚያስሩትን ዶቃ ነው። ያደግሁት እሱን በስኒ እየሰፈርኩ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ደባብሼ ጥሩውን ከርካሹ እለይ ነበር። በዚህ የተነሳ ባሮ ዳር ስለ ጨሌ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ኦሞድ አኝዋክ ነው፤ የከተማው ልጅ፣ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ። አራት ዓመት በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ተምረናል። አማርኛውን ያቃናው ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው፤ እኔም ለገበያ የሚበቃ አኝዋክኛ ያገኘሁት ከእሱ ነው።

የመንገዱን ሐሳብ ያመጡብን ሁለት ፈረንጆች ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ በጀርባቸው እንደ ሕፃን ያዘሉትን ቦርሳ ይዘው ከሱዳን ጋምቤላ ገቡ። ምን ሥራ እንዳላቸው ብንጠይቃቸው «አገር ልናይ ነው» አሉ። የሚሸጡት የለም፣ የሚገዙት የለም፣ የሚጠይቁት ዘመድ የለም። አባቴ ከንፈሩን መጠጠላቸው፤ «ሰው ሲያጣ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ሻይ ጋበዛቸው። እኔና ኦሞድ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ አጣን። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን ከድንኳን ሸራ እንደነሱ ያለ ቦርሳ አሰፋን። ኢታንግ፣ ከዚያ ድንበር፣ ከዚያ ናስር፣ ማላካል፣ በመርከብ ካርቱም። በጣት የሚቆጠር ስም ስለሆነ መንገዱም አጭር መሰለን።

ኦሞድ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። የመጀመሪያው ቀን ጉዟችን ኢታንግ ያበቃል፤ እዚያ ሁለት ቀን እንቀመጣለን። ምክንያቱ አሪየት የምትባል ልጅ ናት። ለእጮኛው ቤተሰብ ሊሰጥ የሚገባውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ እሱን አስረክቦ፣ ካርቱም ደርሶ ተመልሶ ሊያገባት ነው።

ለቤተሰቡ የሚሰጠው ዴሙይ ይባላል። አሮጌ ሰማያዊ ጨሌ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፣ የሚሠራውም ጠፍቷል። እህት ስታገባ ለወንድሟ ቤት ይመጣል፤ ወንድሟ በዚያው ሚስት ያገባበታል፤ የሚስቱ ወንድም ደግሞ በተራው ይዞት ይሄዳል። እንዲህ እያለ ከቤት ቤት ይዞራል። የኦሞድ እህት ያገባችው ከሁለት ወር በፊት ነበር።

ጠዋት እናቱ ያንን ጨሌ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከትተው፣ በእጃቸው የእኔ ቦርሳ ውስጥ አስቀመጡት። የእኔ ቦርሳ ድርብ ሸራ ስለነበረ ውሃ አያስገባም ብለው ነው። በአኝዋክኛ አንድ ነገር አሉኝ።

«ምን አሉ?» አልኩት ኦሞድን።

«ልጄን ያዝልኝ አለች።»

«አንተን?»

«አይደለም፤ ቆርቆሮውን። ይህ እህቴ ማለት ነው፤ ነገ የእኔ ሚስት ነው። አትክፈተው፣ እሺ?»

«ኧረ ጨሌ አይቼ አላውቅም!» ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሳቀ። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው አጠገብ፣ ለመንገድ ንግድ ብዬ ከሱቅ ያወጣሁት ሰማያዊ ጨሌ አንድ ትልቅ ጥቅልል ነበረ። የእኔው አዲስ፣ እንደ ውሃ የሚያበራ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሳይሞቅ ወጣን። የማንጎ ዛፎቹን አልፈን የባሮን ዳር ይዘን ወረድን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ያለ ወሬ አልሄድንም፤ ካርቱም ስንገባ የት እንደምናድር፣ ፎቶ የት እንደምንነሳ፣ ለማን ደብዳቤ እንደምንጽፍ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ጫማው ተረከዜን መላጥ ጀመረ። አራተኛው ላይ ሁለቱም እግሮቼ ደሙ። የጋምቤላን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ስር ስትገቡ እዚያም ቀድማችሁ ትቀመጣለች።

ሕመሙ ነገረኛ አደረገኝ።

«ሁለት ቀን ኢታንግ ምን ልንሠራ ነው?» አልኩት። «አስረክበህ በማግሥቱ አንሄድም?»

«አይሆንም። ሽማግሌ ይመጣል፤ ያያል፤ ይቆጥራል። እንግዳ ሆኜ ወዲያው ብሄድ ነውር ነው።»

«ለጨሌ ይህ ሁሉ?»

አልመለሰልኝም። ሲከፋው ዝም ነው የሚለው፤ እኔ ደግሞ ዝም የሚለኝን ሰው ስለማልወድ የባሰ ተናደድኩ። ካርቱምን የያዘብኝ ያ ቆርቆሮ ሆኖ ታየኝ።

እኩለ ቀን ላይ ዓሣ አጥማጆች የሚያርፉበት ጥላ ዘንድ ደረስን። የኦሞድ አክስት መንደር ከዚያ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። «ሰላም ሳልላት ባልፍ እናቴ ትጣላኛለች፤ ቶሎ እመጣለሁ» ብሎኝ ቦርሳውን ትቶልኝ ሄደ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውሃው ዳር ዘፈዘፍኩ። አዞ ይኖራል ብዬ እንኳ አልፈራሁም፤ ያን ያህል ነበር የሚያመኝ።

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ደረቅ ዓሣ በጫነ ታንኳ ደረሱ። አንድ ግንድ ተቦርቡሮ የተሠራ ረጅም ታንኳ ነው። ክንዳቸው ላይ የነጣ የዝሆን ጥርስ አምባር አለ። ወዴት እንደሚሄዱ በተሰባበረ አኝዋክኛዬ ጠየቅኋቸው። ወደ ታች፣ በኢታንግ በኩል ነው አሉኝ። ልቤ ዘለለ። በታንኳ ከሄድን እግሬም ያርፋል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም እንገባለን።

ሳንቲም አወጣሁ፤ በእጃቸው ገፉት። እዚያ ወንዝ ላይ የንጉሡ መልክ ያለበት ሳንቲም ምን ይገዛላቸዋል? አዲሱን ጨሌዬን ፈታሁ። አንዷን ዶቃ አንስተው ጥርሳቸው ላይ መታ መታ አደረጓትና መለሱልኝ። እንደ ነጋዴ ልጅ ይህ ስድብ ነው። ሌላ ነገር ልፈልግ ቦርሳዬን ስበረብር ቆርቆሮው ወጣ። ክዳኑ በራሱ አልተከፈተም፤ እኔ ነኝ የከፈትኩት። ሌላ ሰው ቢጽፈው «ክዳኑ ላላ» ይል ይሆናል።

ጨርቁን ስገልጥ ሳቄ መጣ። እነዚያ ዶቃዎች የደበዘዙ፣ ጫፋቸው የተሸራረፈ፣ አንዱ ካንዱ የማይመጣጠን ነበሩ። በእኛ ሱቅ ቢሆን አባቴ ለመጫወቻ ለሕፃን ይሰጣቸዋል። ሽማግሌው ግን መቅዘፊያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያንተ ነው?» አሉኝ። ይህችን አኝዋክኛ አውቃታለሁ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ያንተ ነው?» ደገሙ።

«የእኔ ነው።»

ሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስተኛ ጊዜ የእኔ ነው አልኩ። ከዚያ ዶቃዎቹ የተሰኩበትን ክር በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ አንድ ሰው ሕፃን ሲቀበል እንደሚያደርገው። ተቀብለውም አላበቁም። ክንዳቸውን በዓሣ ዘይት አሽተው ያንን አምባር በብዙ ትግል አወለቁና ሰጡኝ፤ ክንዴ ላይ አጠለቅሁት። አሁን ይገባኛል፤ ለአንድ የታንኳ መንገድ ያን ያህል መቀበል ሕሊናቸው እምቢ ብሏቸው ነው። ያኔ ግን ጅል ሽማግሌ አገኘሁ አልኩ። ለማያበራ ጨሌ መንገድም አምባርም! አባቴ ቢያየኝ በኮራብኝ ነበር።

ከአዲሱ ጥቅልል ላይ ሁለት እጥፍ ያህል ለክቼ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። ጨርቁን አስተካክዬ ጠቀለልኩ። ልቤ ጨርሶ ንጹሕ ነበር ብል እዋሻለሁ። ለኦሞድ ውለታ የሠራሁለት አድርጌ ለራሴ አስረዳሁ፤ አሮጌ ሰጥቼ አዲስ፣ ትንሽ ሰጥቼ ብዙ። ይሁን እንጂ ከመንደሩ ሲመለስ ሳየው ቆርቆሮውን ወደ ቦርሳዬ ሥር ገፋሁት። ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው እንዲህ አያደርግም።

«በምን ተስማማችሁ?» አለኝ ታንኳው ውስጥ ስንገባ።

«በሳንቲም።»

«አምባሩስ?»

«ወደደኝ መሰለኝ፤ ሸለመኝ» አልኩት። ግንባሩ ተቋጠረ፤ ሽማግሌውን ሊያናግራቸው ሞከረ። እሳቸው ግን የታች አገር ሰው ናቸውና አኝዋክኛቸው እንደ እኔው ከገበያ ቃል አያልፍም፤ ብዙም አልተግባቡም፤ ወንዙን እያዩ ቀዘፉ።

ኢታንግ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አንድ ክንድ ከፍ ብላ ነበር። ሽማግሌው አውርደውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተሰናበቱኝና ቁልቁል ቀጠሉ። ቶሎ ነበር የሄዱት።

የአሪየት አባት ግቢ ንጹሕ፣ መሬቱ በጭቃ የተለሰነ ነበር። ወንድሟ ኡጁሉ፣ በእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ የእግሬን ቁስል አይቶ ውሃ አመጣልኝ፤ አማርኛ ይችላል። አሪየትን ከሩቅ አየኋት፤ ማሽላ እየወቀጠች ወደኛ ላለማየት የምትታገል ልጅ። ኦሞድ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ካርቱም ቢገባ እንኳ እንደዚያ የሚደሰት አልመሰለኝም።

«ነገ ሽማግሌዎች ሲመጡ ነው የሚከፈተው» አለኝ በሹክሹክታ። «አባቷ ግን ዛሬ አንድ ጊዜ ልየው አሉ።»

ቆርቆሮውን ከቦርሳዬ አወጣሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይደሰታሉ ብዬ አስብ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አንድ ክፍሌ እንደዚያ ያስብ ነበር። ሌላው ክፍሌ ግን ቆርቆሮውን መልቀቅ አልፈለገም።

አባትየው ክዳኑን ከፈቱ። ጨርቁን ገለጡ። አዲሱ ጨሌ የማታ ፀሐይ ላይ ቦግ አለ። እንዲህ አብርቶ አያውቅም። አባትየው አልነኩትም። ኡጁሉ ወደ ፊት ተጠግቶ አየና ወደ ኋላ ተመለሰ። ሙቀጫው ድምፁን አቆመ።

ኦሞድ ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ዓይኑ ከፊቴ ወርዶ ክንዴ ላይ ያለው አምባር ላይ አረፈ። በዚያች ቅጽበት ሁሉን ነገር አወቀ፤ ማወቁንም እኔ አወቅሁ።

አባትየው በአኝዋክኛ ጠየቁ፤ ገብቶኛል። «ይህን ማን ነካው?» ነው ያሉት።

አፌን ከፈትኩ። አንድ ነገር ልል ነበር፤ ለአርባ ምናምን ዓመት ልል ነበር እያልኩ ኖሬያለሁ። ኦሞድ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «መንገድ ላይ የእናቴ ጨሌ ጠፋብኝ። አፈርኩና በሌላ ተካሁት።»

ለምን እንዲህ እንዳለ ማንም አላስረዳኝም፤ ግን ይገባኛል። እንግዳው ነበርኩ። እሱ ይዞኝ የመጣ ሰው ነኝ፤ በዚያ ግቢ ያለ እሱ ዘመድ የለኝም። እኔን አሳልፎ ከመስጠት ራሱን ሰጠ። እኔስ? እኔ አምባሩን በሌላው እጄ ሸፈንኩና መሬት መሬት አየሁ። አባትየው ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ኦሞድን ሳይሆን እኔን እያዩ ነበር የሚጠብቁት። ቀጥሎ ክዳኑን በዝግታ ዘጉና ቆርቆሮውን ወደ ኦሞድ ገፋ አደረጉት። አልተቆጡም። እራት አቀረቡልን፤ በላን ማለት ግን አይቻልም።

ፀሐይ ስትገባ ወንዙ ዳር ተቀምጠን «ኦሞድ፣ አላወቅሁም» አልኩት።

«ነገርኩህ» አለ። «እህቴ ነው ብዬ ነገርኩህ።»

«ሌላ እንገዛለን፤ አባቴን...»

«ሰዒድ፣ አይሸጥም። ነገ ሽማግሌውን ልፈልግ ቁልቁል እሄዳለሁ። ትመጣለህ?»

ወደ እግሬ አየሁ። እግሬ በእውነት ቆስሏል፤ ግን እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ምክንያት አይሆንም። «እግሬ...» አልኩ። እሱም «እሺ» አለ። በማግሥቱ እሱ ለሰው እያሳየ ሽማግሌውን ሊጠይቅበት አምባሩን ከእኔ ተቀብሎ በወንዙ ዳር ወረደ፤ እኔ የአባቴን ወዳጅ የጭነት መኪና አግኝቼ ጋምቤላ ገባሁ። የውጭ አገር ጉዟችን አንድ ቀን ቆየ፤ ድንበሩንም አላየነውም።

ኦሞድ ሽማግሌውን ወር ሙሉ ፈለጋቸው፤ አላገኛቸውም። በሚቀጥለው ዓመት አሪየት ለሌላ ሰው ተዳረች። ኦሞድ ብቻውን ወደ ሱዳን ተሻገረ። አብዮቱ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ አባቴ አረፈ፤ ሱቁ ለእኔ ቀረ። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን አንድ ሽበታም ረጅም ሰው ሱቄ በር ላይ ቆሞ አየሁ። ኦሞድ ነው። ተቃቅፈን አለቀስን። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እግርህ ዳነ?»

አሽሙር አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ሻይ ጠጣን። አርጅቶ፣ ማላካል ውስጥ ዘግይቶ አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶ ነበር። አምባሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ያንተ ነው» አለኝ። ያን ቀንም ልናገር ነበር፤ ይቅር በለኝ ልል ነበር። ደንበኛ ገባና ተውኩት። ኦሞድ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ።

ባለፈው ክረምት ነው እንግዲህ ኡጁሉ፣ ያ የአሪየት ወንድም፣ ለሕክምና ከኢታንግ መጥቶ እዚሁ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር ዘመዱ ቤት እንዳረፈ የሰማሁት። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። አምባሩን በኪሴ ይዤ ነበር። እሱም እንደኔ ሸምግሏል። በሩ ላይ ተቀምጠን፣ የማይረባ ነገር ካወራን በኋላ፣ አምባሩን አውጥቼ ሁሉንም ነገርኩት። ታንኳውን፣ ሦስት ጊዜ የእኔ ነው ማለቴን፣ ሁሉንም።

አልደነቀውም።

«እናውቃለን» አለኝ። «አባቴ የዚያን ቀን አውቋል። አምባሩን አየው። እንዲህ ያለ አምባር ሰው ለነጋዴ ልጅ ዝም ብሎ አይሰጥም።»

«ታዲያ ለምን...»

«ሁለታችሁ ሸጣችሁት መሰለው። ለካርቱም መንገድ ብላችሁ። ኦሞድ እኔ ነኝ ሲል እንደዋሸ አየ። ጨሌ ጠፋ ቢባል ይጠበቃል፤ ሰው ይወጣል፣ ይፈለጋል። አባቴ ግን ‹ልጄን ለሚዋሽ ሰው አልሰጥም› አለ። እኔም የማገባበት አጥቼ አንድ ዓመት ሙሉ ቆየሁ።»

«እኔ ብናገርስ ኖሮ?»

ኡጁሉ፣ ሊጎዳኝ ፈልጎ ሳይሆን፣ ያን ጊዜ የነበረውን አባቱን አስታውሶ ፈገግ አለ።

«እንስቅ ነበር» አለ። «የሱቅ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል ብለን እንስቅብህ ነበር። በማግሥቱ ሁላችንም ታንኳ ይዘን ሽማግሌውን ፍለጋ እንወርድ ነበር። አባቴ እኮ የጠበቀህ ለዚህ ነው።»

ወዳጆቼ፣ ከዚያ በር ላይ እንዴት ተነስቼ ቤቴ እንደገባሁ አላስታውስም። ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቴ ጨሌውን መስጠቴ ይመስለኝ ነበር፤ እሱን አላዋቂነት ነው ብዬ ራሴን አጽናናው ነበር። ለካ ጨሌው ይቅር የሚባል፣ የሚሳቅበት ነገር ኖሯል። ኦሞድን ሚስት ያሳጣው ስለ እኔ የዋሸው ውሸት ነው፤ ያንን ውሸት ደግሞ እውነት ያደረገው የእኔ ዝምታ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ የማን ወርቅ እንደሆነ ጠይቁት።

ኡጁሉ አምባሩን አልቀበልም አለኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ አለ። ያን ማታ ኢታንግ ላይ የተፈለገብኝ አራት ቃል ብቻ ነበር፤ በአኝዋክኛም አውቃቸዋለሁ፣ ኦሞድ ራሱ ነው ያስተማረኝ። የሚሰማኝ አባት የለም፣ ኦሞድም የለም፤ እናንተ አላችሁና ለእናንተ ልበላችሁ፦

ኦሞድ አይደለም፤ እኔ ነኝ።